በሆስፒታል ሠራተኞች እጅ ላሉ የተለያዩ ስማርት ስልኮች ድጋፍ ስለ መስጠት፦ ለአይቲ ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ ሆስፒታል ለሠራተኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስልክ ገዝቶ የሚያድልበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው በራሱ ገንዘብ የገዛውን ስልክ ይዞ ይመጣል፤ በዚህም ምክንያት በአንድ ዎርድ ውስጥ ብቻ አዲስ አይፎን፣ አምስት ዓመት ያገለገለ ሳምሰንግ፣ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመ ሻዎሚና የጉግል አገልግሎት የሌለው ሁዋዌ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በእነዚህ ስልኮች ተረኛ ሐኪም ይጠራል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ይነበባል፣ የመድኃኒት መጠን ይሰላል፣ የተረኝነት መርሐ ግብር ይታያል። የአይቲ ክፍሉ «የግል ስልክ አይመለከተንም» ብሎ ጉዳዩን ቢተወው ሥራው በስልክ መሠራቱ አይቀርም፤ የሚቀረው እገዛውና ቁጥጥሩ ብቻ ነው።

ሁሉንም ስልክ በእኩል ደረጃ መደገፍ ግን አይቻልም። የአምራቾቹ ብዛት፣ የሥሪቶቹ ልዩነትና እያንዳንዱ አምራች በአንድሮይድ ላይ የሚጨምረው የራሱ ለውጥ አንድ የአይቲ ክፍል ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ነው። ስለዚህ ድጋፉ መሰጠት ያለበት በስልኩ ለሚከናወነው የሕክምና ሥራ ነው፤ ይህም ሥራ አስቀድሞ ተለይቶ ሊታወቅ ይገባዋል። የሠራተኛው የግል ኢሜይል አልከፈት ቢል የክፍሉ ኃላፊነት አይደለም፤ የድንገተኛ ጥሪ ሳይደርሰው ቢቀር ግን ስልኩ የማንም ይሁን የማን ክፍሉን ይመለከተዋል።

በስልኩ ምን እንደሚሠራ ማጣራት

ሥራው የሚጀምረው ወደ ዎርዶቹ ሄዶ በመጠየቅ ነው። ለክፍል ኃላፊዎች ደብዳቤ ጽፎ መልስ መጠበቅ የተሟላ ምስል አይሰጥም፤ ኃላፊው የሚያውቀው የተፈቀደውን አሠራር ሲሆን የሌሊት ተረኛዋ ነርስ የምታውቀው ግን በእውን የሚደረገውን ነው። በተለይ በርክክብ ሰዓት ተገኝተው ሠራተኞቹ ስልካቸውን ለምን ለምን እንደሚያወጡ ቢመለከቱ፣ በቅጽ ተሞልቶ ሊመጣ የማይችል ብዙ ነገር ያገኛሉ። የሌሊቱን ተራ ፈጽሞ አይዝለሉት።

የተገኙትን ሥራዎች በሚያስከትሉት ጉዳት መጠን ለይተው ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ረድፍ የሚመጡት ጊዜ የማይሰጡት ናቸው፦ የድንገተኛ ጥሪ፣ አስጊ የላቦራቶሪ ውጤት ማሳወቂያ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ማንቂያ። በሁለተኛው ረድፍ የታካሚ መረጃ የሚነካቸው ሥራዎች ይገባሉ። መርሐ ግብር ማየት፣ የሥራ ኢሜይል ማንበብና የሥልጠና ቪዲዮ መመልከት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቢቀመጡ በቂ ነው። ይህ ክፍፍል በኋላ የሚመጣውን ውሳኔ ሁሉ ያቀልላል፤ አንድ አሮጌ ስልክ ለሦስተኛው ረድፍ ብቁ ሆኖ ለመጀመሪያው ላይሆን ይችላልና።

ቀጥሎ የስልኮቹን ቆጠራ ያካሂዱ። የሚያስፈልጉት መረጃዎች የስልኩ ሞዴል፣ የሥርዓቱ ሥሪት፣ የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ ቀን፣ የጉግል አገልግሎት መኖር አለመኖሩና ቀሪው የማከማቻ ቦታ ናቸው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ከእነዚህ አብዛኞቹ በቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ሥር፣ በአይፎን ደግሞ «አጠቃላይ» ከዚያም «ስለ» በሚለው ሥር ይገኛሉ። ከዚህ በላይ አይጠይቁ። የስልኩን መለያ ቁጥር፣ የተጫኑ የግል መተግበሪያዎችን ዝርዝር ወይም የግል ስልክ ቁጥርን ያለ በቂ ምክንያት መሰብሰብ ሠራተኛው በመጀመሪያው ቀን እምነቱን እንዲያነሣ ያደርገዋል፤ አንዴ የጠፋ እምነት ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ በቀላሉ አይመለስም።

ዝቅተኛውን መስፈርት መወሰን

መስፈርቱ በስልኩ ስም ወይም ዋጋ ላይ መመሥረት የለበትም። «ሳምሰንግና አይፎን ብቻ ይፈቀዳል» የሚል ደንብ ቀላል ቢመስልም፣ ማሻሻያው ያበቃ አሮጌ ሳምሰንግ እያሳለፈ በየጊዜው የሚታደስ ሌላ ስልክ ይከለክላል። ትክክለኛው መለኪያ ስልኩ አሁንም የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለው ነው። በዚህ ረገድ በአምራቾችና በሞዴሎች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ካወጣው ፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግም እ.ኤ.አ. በ2024 ካወጣው ጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለእነዚህ ሞዴሎች የ7 ዓመት ማሻሻያ ለመስጠት ቃል ገብተዋል፤ አይፎኖችም በተለምዶ ለበርካታ ዓመታት ይታደሳሉ። በርካታ ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮች ግን ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በኋላ ይረሳሉ፤ ከዚያም ቀድሞ የሚቆምባቸው አሉ።

በአንድሮይድ ላይ የደኅንነት ማሻሻያው ደረጃ በቀን ተጽፎ ስለሚታይ ደንቡን ለማንም በሚገባ መንገድ ማውጣት ይቻላል፦ ለምሳሌ የታካሚ መረጃ የሚከፍት ስልክ ማሻሻያው ከ6 ወር በላይ ያረጀ መሆን የለበትም ማለት ይቻላል። የወራቱን ቁጥር እንደ ሆስፒታሉ አቅም መወሰን ይቻላል፤ ገደቡ በግልጽ መጻፉና ለሥራ አስኪያጁም ለተላላኪውም እኩል መሥራቱ ግን ለድርድር አይቀርብም።

ምስጠራን (መረጃ ያለ ቁልፉ እንዳይነበብ ማድረግን) በተመለከተ ከአንድሮይድ 10 ጋር ወይም ከዚያ በኋላ ለገበያ የቀረቡ ስልኮች መረጃቸውን መመስጠር ግዴታቸው ነው። በአይፎንም ምስጠራው ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው የመክፈቻ ኮድ ሲኖር ነው። ስለዚህ ቢያንስ ባለ 6 አኃዝ የመክፈቻ ኮድ ይጠይቁ፤ በምልክት ብቻ የሚከፈት መቆለፊያን አይቀበሉ። የሥርዓት ጥበቃው የተሰበረበት ስልክ፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፣ የታካሚ መረጃ ሊከፍት አይገባውም።

የሁዋዌን ጉዳይ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በወጡ አዳዲስ የሁዋዌ ሞዴሎች ላይ የጉግል አገልግሎት ስለሌለ፣ ማሳወቂያቸውን በጉግል በኩል የሚልኩ መተግበሪያዎች በእነዚህ ስልኮች ላይ ቢጫኑ እንኳ ጥሪው ላይደርስ ይችላል። መተግበሪያው ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ደኅና ይመስላል፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሲገባ ግን ዝም ይላል። ይህን ቀድሞ መለየትና ለባለቤቱ በግልጽ መንገር ይገባል።

መስፈርቱን ለማያሟላ ስልክ ባለቤት የሚሰጠው መልስ «አይቻልም» ብቻ መሆን የለበትም። ለሥራ ግዴታ የሆነ ነገር በሠራተኛው ኪስ ላይ ሊጫን አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ሆስፒታሉ ጥሪ በመተግበሪያ እንዲደርስ ከወሰነ መስፈርቱን የሚያሟላ ስልክ ለሌለው ተረኛ ማቅረብ የሆስፒታሉ ድርሻ ነው። በየዎርዱ በተራ የሚተላለፍ አንድ የሆስፒታሉ ስልክ ማስቀመጥ ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ለሦስተኛው ረድፍ ሥራ ደግሞ በአሳሽ የሚከፈት ገጽ ይበቃል።

ሥራውን ከግል ሕይወት መለየት

በግል ስልክ ላይ ሙሉ ቁጥጥር መጫን በሕግም በሥነ ምግባርም አስቸጋሪ ነው፤ ደግነቱ ሁለቱም ዋና ሥርዓቶች ከዚህ የተሻለ መንገድ አላቸው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው 5.0 ሥሪት ጀምሮ «የሥራ ፕሮፋይል» የሚባል የተለየ ክፍል አለው፤ የሥራ መተግበሪያዎችና መረጃቸው በዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ አዶዎቻቸውም የቦርሳ ምልክት ይደረግባቸዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ከአይኦኤስ 13 ጋር ለግል ስልኮች የታሰበ ተመሳሳይ የምዝገባ ዓይነት አውጥቷል፤ በእሱም የሥራ መረጃው በተለየ የማከማቻ ክፍል ይያዛል። በሁለቱም መንገድ የአይቲ ክፍሉ የሥራውን ክፍል ብቻ ለይቶ ማጥፋት ይችላል፤ የግል ፎቶዎችን፣ መልዕክቶችንና የጥሪ ታሪክን ግን አያይም። ስልኩን ጨርሶ ማስመዝገብ ለማይፈልግ ሠራተኛ እንደ ማይክሮሶፍት ኢንቱን ያሉ የስልክና የመተግበሪያ ማስተዳደሪያ አገልግሎቶች ጥበቃውን በመተግበሪያው ላይ ብቻ የማድረግ አማራጭ ይሰጣሉ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ተጽፎ ቢታደል ማንም አያምነውም። ሠራተኛው የሚፈራው አለቃው ፎቶውን እንዳያይ፣ ያለበትን ቦታ እንዳይከታተል ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ በአካል ያሳዩት። ስልኩን በራሱ እጅ ይዞ የቦርሳ ምልክት ያለበትን አዶ እንዲነካ፣ ከሥራው ካሜራ ያነሳው ፎቶ በግል ጋለሪው ውስጥ አለመኖሩን እንዲያይ ያድርጉ። ከዚያም ክፍሉ ሊያየው የሚችለውንና የማይችለውን፣ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሠራተኛው ሲለቅ ምን እንደሚጠፋ በአንድ ገጽ ጽፈው ያስፈርሙ። ገጹ በሕግ ቋንቋ ከተሞላ ጥቅሙ ግማሽ ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በአንድሮይድ ሠራተኛው የሥራ ፕሮፋይሉን ከሥራ ሰዓት ውጭ ለጊዜው ሊያቆመው ይችላል፤ ይህም ዕረፍቱን የሚያስከብር መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ፕሮፋይሉ በቆመበት ጊዜ በውስጡ ያለ መተግበሪያ ማሳወቂያ አይሰጥም። ከቤቱ ሆኖ በተጠባባቂነት የተመደበ ሐኪም ይህን ሳያስተውል ፕሮፋይሉን ዘግቶ ቢተኛ አንድም ጥሪ አይደርሰውም። ይህን በምዝገባው ቀን ይናገሩ፤ በተጠባባቂነት መርሐ ግብሩ ራስጌ ላይም ይጻፉት።

ጥሪው መድረሱን ማረጋገጥ

ከዚህ ሥራ ሁሉ እጅግ አስፈላጊውም አስቸጋሪውም ይህ ነው፤ የስልኮቹ ልዩነት በእውነት የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 6.0 ሥሪት ጀምሮ፣ ስልኩ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ከቻርጀር ተነቅሎ ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ የመተግበሪያዎችን የጀርባ ሥራ ይገድባል። በዚህ ላይ በርካታ አምራቾች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ የራሳቸውን ጠንካራ ገደብ ይጨምራሉ። በሳምሰንግ ስልኮች ለጥቂት ቀናት ያልተከፈተ መተግበሪያ «የሚተኙ መተግበሪያዎች» ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሻዎሚ ደግሞ መተግበሪያው በራሱ እንዲነሳ ካልተፈቀደለትና የባትሪ ገደቡ ካልተነሳለት ማሳወቂያው ሊዘገይ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። በአንዳንድ ስልኮች ባለቤቱ መተግበሪያውን ከቅርብ ጊዜዎቹ ዝርዝር ጠርጎ ማስወጣቱ ብቻ ጥሪ እንዳይደርሰው ያደርጋል።

ሌላም መሰናክል አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አንድሮይድ 13 ጀምሮ መተግበሪያዎች ማሳወቂያ ለመላክ የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው፤ ሠራተኛው ጥያቄውን ሳያነብ «አትፍቀድ» ብሎ ካለፈው መተግበሪያው ድምፅ አልባ ሆኖ ይቀራል። በአይፎን በኩል እ.ኤ.አ. ከ2021ዱ አይኦኤስ 15 ወዲህ ያሉት የትኩረት ሁነታዎች፣ በተለይ የእንቅልፍ ሁነታ፣ ማሳወቂያዎችን ያዘገያሉ። አፕል ከአይኦኤስ 12 ጀምሮ ድምፅ ቢጠፋም ሆነ አትረብሽ የሚለው ቢበራ አልፎ የሚሰማ የአስጊ ማንቂያ ዓይነት አለው፤ ሆኖም መተግበሪያው ይህን እንዲጠቀም የአምራቹ ድርጅት ከአፕል የተለየ ፈቃድ ማግኘት፣ የስልኩ ባለቤትም መፍቀድ ይኖርበታል። ስለዚህ የጥሪ መተግበሪያ ከመገዛቱ በፊት አቅራቢውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በአይፎን ላይ የአስጊ ማንቂያ ፈቃድ አለው ወይ፣ በአንድሮይድስ ጥሪዎቹን በከፍተኛ ቅድሚያ ይልካል ወይ። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ መተግበሪያው ለመጀመሪያው ረድፍ ሥራ አልተዘጋጀም።

የፍተሻው አካሄድ ራሱ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ስልኩ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ፣ ስክሪኑ እንደበራ፣ መተግበሪያው ከተከፈተ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጥሪ ልኮ «ደርሷል» ማለት ምንም አያረጋግጥም፤ የባትሪ ቁጠባው በዚህ ሁኔታ ሥራ አልጀመረምና። ስልኩን ከቻርጀር ነቅለው፣ ቆልፈው፣ ጠረጴዛ ላይ ሳይነኩት ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ያቆዩት፤ ከዚያ ጥሪውን ይላኩና በስንት ሰከንድ እንደደረሰ ይመዝግቡ። ይህን በቆጠራው ላይ ብዙ ጊዜ በታዩት ሞዴሎች ሁሉ ያድርጉት፤ የሥርዓቱ ሥሪት በተቀየረ ቁጥርም ይድገሙት። ማሻሻያ አንዳንዴ የባትሪ ቅንብሩን ወደ ነበረበት ስለሚመልሰው ትናንት የሠራው ስልክ ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ለእያንዳንዱ አምራች የቅንብሩን አካሄድ በምስል የሚያሳይ አጭር ወረቀት ማዘጋጀት ጠቃሚ ነው። ምስሎቹ ከኢንተርኔት የተወሰዱ ሳይሆኑ በሆስፒታሉ ውስጥ ካሉት ስልኮች ላይ የተነሱ ይሁኑ፤ የምርጫዎቹ ስም እንደ ሥሪቱና እንደ ስልኩ ቋንቋ ስለሚለያይ በደከመ ዓይን የሚያነብ ሠራተኛ የማያገኘውን ስም ሲፈልግ ተስፋ ይቆርጣል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ቢሆን የልብ መቆም ጥሪን የመሰለ ነገር በግል ስልክ ላይ ባለ መተግበሪያ ብቻ ሊታመን አይገባም። ጥሪው በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ካላገኘ ሥርዓቱ በመደበኛ የስልክ ጥሪ እንዲደውል፣ ያም ካልተመለሰ ወደ ሁለተኛው ተረኛ እንዲያልፍ መደረግ አለበት። የድምፅ ማጉያው፣ የመስመር ስልኩና ካለም ፔጀሩ (የጥሪ መልዕክት የሚቀበለው ትንሽ መሣሪያ) በቦታቸው ይቆዩ። መተግበሪያው ዘመናዊ ስለሆነ ብቻ አሮጌውን መንገድ መንቀል በታካሚ ሕይወት ላይ መወራረድ ነው።

ዋይፋይ

በርካታ ሆስፒታሎች የሠራተኞችን ስልክ በማክ አድራሻ (መሣሪያው በኔትወርክ ላይ በሚለይበት ቁጥር) እየመዘገቡ ወደ ኔትወርክ የማስገባት ልማድ ነበራቸው። ይህ አሠራር አሁን አያስኬድም፤ ከአንድሮይድ 10 እና እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው አይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች ለእያንዳንዱ ዋይፋይ በዘፈቀደ የተፈጠረ አድራሻ ያቀርባሉ፤ ሠራተኛው ኔትወርኩን «እርሳ» ብሎ እንደገና ሲገባ ወይም ስልኩን ወደ ፋብሪካ ቅንብር ሲመልስ አድራሻው ሊለወጥ ይችላል። ሠራተኞችን ይህን ጥበቃ እንዲያጠፉ ከመጠየቅ ይልቅ 802.1ኤክስ በተባለው የኔትወርክ መግቢያ ማረጋገጫ አማካይነት እያንዳንዱ ሰው በራሱ መለያ ወይም በሰርተፍኬት (ማንነትን በሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) የሚገባበትን ሥርዓት መዘርጋት ይሻላል። አንድ ሰው ሲለቅ የሁሉንም የይለፍ ቃል መቀየር የማያስፈልገውም በዚህ መንገድ ነው።

አዳዲስ የአንድሮይድ ሥሪቶች የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ሳያረጋግጡ መግባትን እየከለከሉ ስለሆነ፣ ሠራተኛው በእጁ ሲሞክር «ዶሜይን» የሚል ባዶ ቦታ አይቶ ይቆማል። ቅንብሩን በሥራ ፕሮፋይሉ በኩል ወይም ለአይፎን በቅንብር ፋይል አዘጋጅተው ቢልኩለት ይህ ችግር አይገጥመውም። የሰርተፍኬቱ ማብቂያ ቀን በክፍሉ የቀን መቁጠሪያ ላይ መጻፍ አለበት፤ ያ ቀን ሳይታወቅ ካለፈ ስልኮቹ በአንድ ጠዋት አብረው ከኔትወርክ ይወጣሉ።

ሽፋኑን ሲፈትሹ በእጅዎ የሚይዙት ስልክ ከሁሉ ደካማው ይሁን። ርካሽ ከሆኑት ስልኮች መካከል በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠሩ አሉ፤ አንዳንድ አሮጌ ስልኮችም ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው ፈጥኖ ለማለፍ የሚያገለግለው 802.11አር ሲበራ መግባት ያቅታቸዋል። እርሳስ የተለበደባቸው የራጅ ክፍል ግድግዳዎች፣ ምድር ቤትና አሳንሰር በተለይ መታየት አለባቸው። የሠራተኛ ስልኮች የሚገቡበት ኔትወርክ ደግሞ የሕክምና መሣሪያዎች ከሚገናኙበት ፈጽሞ የተለየ መሆን ይኖርበታል።

የታካሚ ፎቶና መልዕክት

ሐኪም የቁስል ፎቶ አንሥቶ ለባልደረባው ምክር ቢጠይቅ ለታካሚው ጥቅም ብሎ ነው፤ ስለዚህ በክልከላ ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም። አደጋው ያለው ሐኪሙ በማያየው ቦታ ነው፦ በግል ካሜራ የተነሳው ፎቶ ያለማንም ትእዛዝ ወደ ባለቤቱ የክላውድ መለያ ይወጣል፣ ከዚያም በቤት ውስጥ ባለው ታብሌት ላይ በቤተሰብ ፎቶዎች መካከል ይታያል። አንዳንድ የመልዕክት መተግበሪያዎችም የተቀበሉትን ፎቶ በራሳቸው ወደ ጋለሪ ያስቀምጣሉ፤ መልዕክቱ በመንገድ ላይ መመስጠሩ ይህን አያስቀርም። መፍትሔው ፎቶውን በቀጥታ ወደ ታካሚው መዝገብ የሚልክና በስልኩ ላይ የማያስቀር ካሜራ ያለው የሥራ መተግበሪያ ማቅረብ ነው። የሚቀርበው መንገድ ከተለመደው የመልዕክት መተግበሪያ የዘገየ ከሆነ ማንም እንደማይጠቀምበት ይወቁ፤ ፍጥነቱ ራሱ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

በተቆለፈ ስክሪን ላይ የማሳወቂያው ይዘት እንዳይነበብ ማድረግም ያስፈልጋል። «አዲስ ውጤት ደርሷል» ማለት ይበቃል፤ የታካሚው ስምና የምርመራው ዓይነት ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ስልክ ላይ መታየት የለበትም።

ጓንት፣ ጭንብልና ትንሽ ስክሪን

የሆስፒታል ሠራተኛ እጁን በቀን ብዙ ጊዜ ይታጠባል፣ በአልኮል ያሻል፤ ጣቱ ስለሚደርቅ የጣት አሻራ አንባቢው አልፎ አልፎ አይለየውም። በጓንት ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ከአይፎኖች መካከል በፊት መክፈት በጭንብል የተቻለው በአይፎን 12 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አይኦኤስ 15.4 ጀምሮ ነው። ስለዚህ የስክሪን መቆለፊያው ጊዜ እጅግ ካጠረ ሠራተኛው ኮዱን በተራ ውስጥ ደጋግሞ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ቀላል ኮድ ይመርጣል። ስልኩ ፈጥኖ እንዲቆለፍ፣ የሥራ መተግበሪያው ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደገና የይለፍ ቃል እንዳይጠይቅ ማመጣጠን ይቻላል።

ዓይናቸው የደከመ ሠራተኞች ፊደሉን አተልቀው ይጠቀማሉ። መተግበሪያው ለዚህ ካልተዘጋጀ ቁጥሩ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ይቆረጣል፦ «12.5 ሚ.ግ» የሚለው መጠን በትንሽ ስክሪንና በትልቅ ፊደል «12» ላይ ቆሞ «.5 ሚ.ግ» ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል፣ ወይም ጭራሽ አይታይም። መድኃኒት የሚያሳይ ማንኛውም መተግበሪያ በሆስፒታሉ ውስጥ ባለው ትንሹ ስክሪንና በትልቁ ፊደል ተፈትሾ ካላለፈ ለሥራ መዋል የለበትም። ይህን ፍተሻ ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር ሆነው ያድርጉት።

ንጽሕናና በአካባቢው ያሉ መሣሪያዎች

ስልክ ከታካሚ አልጋ ወደ ታካሚ አልጋ ይሄዳል፤ ማጽዳቱ የኢንፌክሽን መከላከል ሥራ አካል ነው። አፕል 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ባለው ማጽጃ ጨርቅ የስልኩን ጠንካራ ገጽ መጥረግ እንደሚቻል ሲገልጽ በረኪናና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለባቸውን ይከለክላል። ለወለል የተዘጋጀ የክሎሪን ውኃ ለስልክ አይሆንም። ከቨሩ ወልቆ ለብቻው መጽዳት አለበት፤ የጨርቅና የቆዳ ከቨር በዎርድ ውስጥ ባይኖር ይመረጣል።

ከአይፎን 12 ጀምሮ ባሉት አብዛኞቹ አይፎኖች ጀርባ ማግኔት ስላለ አፕል ከልብ ምት ማስተካከያና መሰል የተተከሉ መሣሪያዎች ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ በገመድ አልባ ቻርጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዲርቅ ይመክራል። በደረት ኪስ ስልክ ይዞ ታካሚ ላይ የሚያጎነብስ ሠራተኛ ይህን ማወቅ አለበት። ወደ ኤምአርአይ ክፍል ማንኛውም ስልክ አይገባም።

ስለ ኤምአርአይ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል አዲስ የኤምአርአይ ማሽን ሲተከል የሂሊየም ጋዝ አምልጦ በሕንፃው ውስጥ ተሰራጨ፤ በሠራተኞች እጅ የነበሩ አይፎኖችና የአፕል ሰዓቶች በድንገት ሥራ አቆሙ፣ አንድሮይድ ስልኮች ግን ምንም አልሆኑም። በአፕል መሣሪያዎች ውስጥ ከኳርትዝ ይልቅ በሲሊኮን የተሠራ ጥቃቅን የምት ማመንጫ ስለነበረ ሂሊየሙ ወደ ውስጡ ሰርጎ አስቆመው። አብዛኞቹ ጋዙ ሲወጣላቸው ከቀናት በኋላ ተመልሰዋል። የስልኮች ልዩነት ለአይቲ ክፍል ድካም ቢሆንም፣ በእንዲህ ያለ ቀን ግን ቢያንስ ለአንዳንዶቹ ተረኞች ጥሪ ይደርሳቸው ዘንድ ያስችላል፤ ተጠባባቂ ስልኮችን ሲገዙም ሁሉንም ከአንድ አምራች አለመግዛት ተገቢ ነው።

ድጋፉን በየዕለቱ ማስኬድ

የድጋፍ ዴስኩ ሠራተኛ ሁሉንም ስልክ በቃሉ እንዲያውቅ አይጠበቅም። በሆስፒታሉ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ሞዴሎች አራት አምስቱን በመሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ያስፈልገዋል፤ የሚደውልለት ሠራተኛ «የትኛውን ልንካ?» ሲለው ያንኑ ስክሪን እያየ ሊመልስለት ይችላል። በየዎርዱ ደግሞ ባልደረቦቹ በስልክ ጉዳይ የሚጠይቁት አንድ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ያንን ሰው አግኝተው ያሠልጥኑት፣ ለዚህም የሥራ ሰዓት እንዲፈቀድለት ያድርጉ።

አፕል ዋናውን የአይኦኤስ ሥሪት በአብዛኛው በመስከረም አካባቢ ያወጣል፤ የአንድሮይድ ማሻሻያ ግን በየአምራቹ በተለያየ ወር ይደርሳል። የሙከራ ሥሪቶችን በክፍሉ ስልኮች ላይ ቀድመው ይጫኑ፣ የጥሪ መተግበሪያው መሥራቱን ሳያረጋግጡም ለተረኞች «አሻሽሉ» አይበሉ። ከተረጋገጠ በኋላ ግን አያዘግዩ።

ሠራተኛ ስልክ ሲቀይር የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በአሮጌው ስልክ ላይ ይቀራል፤ በተራው መሐል መግባት ካቃተው ሐኪም የሚመጣውን ያህል የሚያስቸኩል የድጋፍ ጥሪ የለም። አሮጌውን ከመሸጡ ወይም ከመስጠቱ በፊት ወደ ክፍሉ ጎራ እንዲል ያስታውሱ፤ በማንኛውም ሰዓት ማንነቱን አጣርቶ ጊዜያዊ መግቢያ የሚሰጠው ሰውም ይታወቅ።

ስልክ ሲጠፋ ወዲያውኑ እንዲነገር ከተፈለገ ነጋሪው መቀጣት የለበትም። ቅጣት የሚፈራ ሰው ሁለት ቀን ራሱ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሥራው ክፍል ተከፍቶ ይቆያል። ሌሊትም የሚያነሣ አንድ ቁጥር ይስጡ፣ የሥራውን ክፍል በርቀት ያጥፉ፣ የተጠቃሚውን መግቢያ ይሰርዙ፣ ለተረኝነቱ የሚሆን የሆስፒታሉን ስልክ ያስረክቡ። ሠራተኛ ሲለቅም ተመሳሳይ ነው፦ የሰው ሀብት ክፍሉ የመጨረሻውን የሥራ ቀን ለአይቲ ክፍሉ ማሳወቅ አለበት፣ የሥራው ክፍልም በዚያው ቀን በባለቤቱ ፊት ይወገዳል።

ቆጠራውን በየስድስት ወሩ ያድሱ። የማሻሻያ ዘመኑ ሊያበቃ የቀረበ ስልክ ያለው ሠራተኛ በተቻለ መጠን ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ እንዲያውቅ ይደረግ፤ በማስታወቂያውም ላይ ስልኩ የትኛውን ሥራ መሥራት እንደሚያቆም፣ የትኛውን እንደሚቀጥልና ሆስፒታሉ በምትኩ ምን እንደሚያቀርብለት ይጻፍ።